ሱሪዬን ይዤ ያየሁት ጎዳና

ማዘጋጃ ቤት በቀያሽነት በገባሁበት በመጀመሪያው ቀን፣ በቅየሳ መሣሪያው መነጽር ሳይ ሰው ሁሉ ተዘቅዝቆ ይሄዳል። «ተበላሽቷል!» ብዬ ጮኽሁ። «መነጽሩ እንዲህ ነው የሚያሳየው፤ ያልተሠራኸው አንተ ነህ» አለኝ አለቃዬ። ከዚያ ወዲያ ጡረታ እስክወጣ ይህችን የመንዝ ከተማ ገልብጬ አየሁ። ደመወዝም ተከፈለኝ።

ቀያሽ ቀጥ ያለ መስመር ይወዳል። እኔማ የጓሮ አጥር ጠመመ ብዬ ሚስቴን ያኮረፍሁ ሰው ነኝ። ለአጭር ሥልጠና ቻይና ተልኬ የአንዱን ከተማ አዲስ ጎዳና ሳይ እንባዬ መጣ። ስፋቱ ገብስ ይዘራበታል! ግራ ቀኙ ረጅም አጥር፣ ከአጥሩ ኋላ ፎቅ።

ፎቶ ሳነሳ የሱሪዬ ቁልፍ ተበጠሰ። በአንድ እጄ ሱሪዬን፣ በሌላው ካሜራዬን ይዤ መርፌና ክር ፍለጋ አጥሩን ተከተልሁ። አጥር። አሁንም አጥር። ሱቅ የሚባል የለም። ሲጨንቀኝ ወደ አሮጌው ሰፈር ታጠፍሁ። መኪና በማያስገባ ቀጭን መንገድ ፀጉር አስተካካዩ፣ ዳቦ ሻጩ፣ በርጩማ አውጥተው የሚጫወቱት ሽማግሌዎች፣ ሁሉም አለ። አንዲት ልብስ ሰፊ እየሳቀች ቁልፌን ተከለችልኝ። ያን መንገድ ፎቶ አላነሳሁትም፤ ካሜራውን ኪሴ ከትቼ ክብሬን በሁለት እጄ ይዤ ነበር።

ስመለስ ከንቲባው ፎቶዎቹን አይተው «ይሄን ነው የምንፈልገው!» አሉ። ከገበያው ኋላ ያለው ጠባብ መንገድ እንዲሰፋ ታዘዘ። እኔም ችካሌን ይዤ ሄድሁና የመጀመሪያውን በልብስ ሰፊዋ በትርንጎ ደጃፍ ላይ መታሁ። ትርንጎ ልጆቿን የምታሳድገው እዚያች ቤት ባለች አንዲት የስፌት መኪና ነው።

«ጋሼ፣ ቻይና ሱሪዎን ማን ሰፋልዎ?» አለችኝ። ወሬውን ራሴው ለከተማው አዳርሼዋለሁ።

«ጠባብ መንገድ ላይ ያለች ሴት።»

«ታዲያ እኔን ምን አድርጌዎ ነው የሚያፈርሱኝ?»

መዶሻዬን ወደ ጆንያው መለስሁት።

በገበያ ቀን ከንቲባውን ከዚህ በፊት ተስፋፍቶ ወደነበረው ዋና መንገድ ወሰድኋቸው። ከጓሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ባርኔጣቸውን ነጠቀ። ገበያተኛው በርኖሱን ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል እንጂ የሚቆም የለም። ባለሱቆቹ በራቸውን ገርበብ አድርገው ይንቀጠቀጣሉ። ባርኔጣውን ስናሳድድ ጠባቡ መንገድ ገባን። ነፋሱ ቀረ። ትርንጎ ግድግዳ ሥር ሰዉ ፀሐይ ይሞቃል፣ ይከራከራል፣ ይገዛል። ከንቲባውም ግድግዳውን ተደገፉ። ትንሽ ቆይተው የካልሲ ዋጋ ሲጠይቁ ሰማኋቸው።

«ይሄ ፎቶው ላይ የለም» አሉኝ ካልሲውን እያገላበጡ።

«ያን ጊዜ ሱሪዬን ይዤ ነበር።»

የካልሲውን ሒሳብ ከፈሉና «ይነቀል» አሉ። ችካሉን ነቀልሁ።

«ጉድጓዱንም ይድፈኑልኝ» አለች ትርንጎ ከመኪናዋ ቀና ሳትል። ደፈንሁ።

ለወጣት ቀያሾች የምነግራችሁ ይህን ነው፦ ችካል ከመምታታችሁ በፊት፣ ቁልፋችሁ ቢበጠስ የት እንደምታሰፉት እወቁ።