አልገጥም ያለው ዳዶ

በኮሮናው ዓመት፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ እዚህ ቬጋስ፣ ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝታ እኔ የመኪና ማቆሚያው ጥላ ሥር ከአንድ የናስ ዳዶ ጋር እታገል ነበር። ሆቴል ውስጥ ክፍል ስታጸዳ አዳልጧት ዳሌዋ ተሰብሮ ብረት ገብቶላታል፤ ሐሙስ ትወጣለች ተብያለሁ። የምንኖረው ከመሬት ከፍ ብሎ በሚቆም ተገጣጣሚ ቤት፣ ሞባይል ሆም ውስጥ ስለሆነ በሩ ጋ ለመድረስ አራት ደረጃ መውጣት የግድ ነው፤ ደረጃው ደግሞ መደገፊያ አልነበረውም። ከሆስፒታሉ የደወለችልኝ ሴትዮ መደገፊያ አለው ወይ ብላ ስትጠይቀኝ አለው አልኳት። እስከ ሐሙስ እሠራዋለሁ ብዬ ነው።

ብየዳ የለመድኩት ሥራ ስፈታ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁበት ካዚኖ ተዘጋ፣ ከዚያ ተከፈተ፣ እኔን ግን ማንም አልጠራኝም። ቤት ቁጭ ብዬ ዜና ከምሰማ ብዬ አሮጌ መበየጃ ማሽንና የጋዝ ሲሊንደር ገዛሁ። ፍሎሜትሯን፣ ያቺን ምን ያህል ጋዝ እንደሚወጣ በትንሽ ኳስ የምታሳየውን ባለመስታወት ቱቦ፣ ያገኘኋት ግን ከሌላ ሰው ነው። በሲሊንደሩ በኩል ልክክ አለች። ጋዙን ወደ ማሽኑ በሚወስደው ጎማ ጫፍ ያለው ዳዶ ግን ሰፋባት። ታጠልቀዋለህ፣ ታዞረዋለህ፣ ይሽከረከራል፣ አይነክስም። የእሷ ጥርስና ዳዶው ለዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ናስ፣ ሁለቱም ወደ ቀኝ የሚጠብቁ። ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ማስክ አድርጌ ውጪ ፀሐይ ላይ ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ የለም ይሉኛል። አንደኛው ሁለቱን የምታገጣጥም ማገናኛ ኦርደር አደረገልኝና በሁለት ሳምንት ትመጣለች አለ። ለሐሙስ የቀረው አራት ቀን ነው። መኪናዬ ውስጥ ኤሲውን ከፍቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ደከመኝ። በቃ፣ ደከመኝ።

ጋሼን እኔ አልጠራኋቸውም፤ ወሬውን ሰምተው ራሳቸው መጡ። የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ሱዳን አብረን ነበርን፣ እዚህም አገር አብረን ገባን፤ ባለቤቴን ለእኔ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሆነው የሄዱትም እሳቸው ናቸው። ገዳሪፍ እያለን ቆሞ የቀረ የጭነት መኪና በሽቦና በጎማ አስነስተዋል፤ ያን ታሪክ ያልሰማ ሐበሻ ቬጋስ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ዳዶውን አዩና ሳቁ። ለዚህች ብለህ ነው ሁለት ሳምንት የምትጠብቀው አሉኝ። ቤታቸው ሄደው የአሮጌ ብስክሌት ካላማዳሪ፣ ያን የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ይዘው ተመለሱ፤ በቀጭኑ ተልትለው የፍሎሜትሯ ጥርስ ላይ ጠመጠሙትና ዳዶውን በላዩ በመፍቻ አጠበቁት። እውነትም ነከሰ። ጋዙን ስንከፍት ኳሷ ብድግ ብላ ቆመች።

«ይኸው፤ ምን ጎደለው?» አሉ።

የጎደለውንማ አውቄው ነበር። ኳሷ የምታሳየው ከሲሊንደሩ የወጣውን ጋዝ ነው፤ ብየዳው ጋ ይድረስ አይድረስ እሷ ምን ታውቃለች? በካላማዳሪው ሥር ሽ... ሲል ይሰማኛል። ጋሼ አይሰሙም፣ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። የሳሙና ውሃ ጠብ ባደርግበት አረፋ ይደፍቅ ነበር። ግን ሽማግሌዬ የሠሩትን እፊታቸው በሳሙና ልፈትን? እንዴት ተደርጎ። መደገፊያውን ከነቋሚዎቹ በየድኩት። ጋዝ ያልሸፈነው ብየዳ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል፤ የእኔም ዓይኑ የበዛ እንጀራ መስሎ አረፈው። ለእንጀራ ሙያ ነው፣ ለብረት ግን ውርደት። ሞረድኩት፣ ስቱኮ ሞላሁበት፣ ጥቁር ቀለም ቀባሁት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ጋሼ እጅህ ይባረክ ብለው መረቁኝ፤ እኔም አሜን አልኩ።

ለራሴ የነገርኩት ይህን ነው፤ በአንድ እጇ መደገፊያውን ብትይዝ በሌላው እኔ እይዛታለሁ፤ ማገናኛዋ ስትመጣ ደግሞ ጋሼ በሌሉበት ነቅዬ እንደገና እበይደዋለሁ። ማንም አይቀየም፣ ማንም አይጎዳ። የደከመው ሰው ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ሁሉን ነገር ለሌላ ቀን ያስተላልፋል።

ሐሙስ ይዣት መጣሁ። ጋሼ ቀድመውን ደረጃው ሥር ቆመው ነበር። መኪናውን ፓርክ አድርጌ፣ በእሷ በኩል ያለውን በር ከፍቼላት፣ ይዛ የምትራመድበትን ዎከር ከኋላ ላወጣ ስዞር፣ አይዞሽ፣ ይኼ እንኳን አንቺን በሬ ይሸከማል ሲሏት ሰማሁ። ሊያሳዩዋት መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉበት። ቀስ ይበሉ ለማለት እንኳ አልደረስኩም። ቋሚው ከሥሩ ተነቀለና ጋሼ ከነብረቱ ሲሚንቶው ላይ ወደቁ።

ደግፌ ደረጃው ላይ አስቀመጥኳቸው። የግራ እጃቸው አንጓ ወዲያው ማበጥ ጀመረ። እሳቸው ግን እጃቸውን አላዩም፤ የተሰበረውን ቦታ ነው የሚያዩት። ቀለሙ ተሰንጥቆ፣ ስቱኮው ረግፎ፣ ያ ሁሉ ቀዳዳ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ብረት ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

«ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«አውቅ ነበር፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎን አክብሬ ነው።»

«ብትንቀኝ ይሻለኝ ነበር» አሉ።

አፈርኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ይቅርታ ልጠይቃቸው ጎንበስ ስል ባለቤቴ ከመኪናው ውስጥ ጠራችኝ። የምንባባለውን ሁሉ ሰምታለች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም።

«እኔን ይህን ብረት ልታስይዘኝ ነበር?» አለችኝ።

በሌላው እጅሽ እኔ እይዝሽ ነበር ልላት ነበር፤ ነገሩ ግን ለራሴም ቀፈፈኝ። ዎከሯን ዘርግቼ የመኪናው በር ጋ አቆምኩላት። እሷ ግን መጀመሪያ እሳቸውን ሐኪም ቤት ውሰዳቸው አለችና የመኪናውን ቀበቶ መልሳ አሰረች።