የመጨረሻዋ ልቃቂት

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት... ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ሰፈር፣ አንድ ፈረንጅ ጓሮ ውስጥ፣ ከአንዲት የተከበሩ እናት ጋር አንዲት ልቃቂት ክር ግራና ቀኝ ይዘን ቆመን ነበር።

የጓሮው ጉዳይ የሱፍ ክር ባዛር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የናይሮቢ ሹራብ ሠሪ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ክር ያሻሻል፣ ጉንጩ ላይ ያስነካል፣ አይኑን ጨፍኖ ይተነፍሳል። ያላወቀ ሰው ጸሎት ይመስለዋል።

እኔም ከምእመናኑ አንዷ ነኝ። ቤቴ ውስጥ እጅጌ ያልወጣለት ሹራብ፣ ጓደኛ የሌለው ካልሲና ለቀድሞ እጮኛዬ የተጀመረ የአንገት ልብስ አለ። እጮኝነቱ ከአንገት ልብሱ ቀድሞ አለቀ።

የአሁኑ ሥራዬ ግን ቀልድ አልነበረም። ጓደኛዬ ሄለን ሴት ልጅ ወልዳ የክርስትና እናት አድርጋኛለች። ከቄሱ እጅ ሕፃኗን የምቀበልበትን መጠቅለያ በእጄ እየሠራሁ ነበር። ክሩን የገዛሁት ከማማ ዋንጂሩ ነው። ሱፉን ራሷ ትፈትላለች፣ በሽንኩርት ልጣጭ ቀቅላ የማር ቀለም ታስይዘዋለች። መጠቅለያው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው... ክሩ አለቀብኝ።

ሹራብ የማይሠራ ሰው «ሌላ ግዢ» ይላል። ከአንድ ድስት የወጣ ቀለም ግን በሌላ ድስት አይደገምም! ባዛሩ ላይ ማማ ዋንጂሩ ጋ ከዚያ ድስት የቀረችው አንዲት ልቃቂት ብቻ ነበረች። እጄን ስሰድ ሌላ እጅ ቀድሞኛል። የወርቅ ቀለበት ያለበት እጅ።

የእትዬ ዘነበች።

እትዬ ዘነበች የምግብ ቤት ባለቤት ናቸው። የሰፈራችን ሐበሻ ክርስትና ሁሉ ከሳቸው ወጥ ውጪ ተደግሶ አያውቅም። ሄለን እሳቸው የጠበቁትን የክርስትና እናትነት ለኔ ከሰጠች ጀምሮ ሰላምታቸው እንደ በረዶ ነው።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ?» አልኩ ልቃቂቷን ሳልለቅ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልቀቂው።»

«እርስዎ ደግሞ ሹራብ ይሠራሉ እንዴ?»

«አንቺ ሳትወለጂ ነው የጀመርኩት።»

«ያኔ የጀመሩት ዘንድሮ ያልቅ ይሆን?»

ክሩ ተወጠረ። አንዲት ፈረንጅ ባህላዊ ሥርዓት እየፈጸምን መስሏት በአክብሮት ወደ ኋላ አለች።

እትዬ ወደ ሻጯ ዞሩ። «ማማ፣ ይሄን ያቀለመው ልጣጭ ከማን ወጥ ቤት ነው የሚመጣልሽ?»

ማማ ዋንጂሩ መሬት መሬት አየች። ለካ በየሳምንቱ ልጣጩን በጆንያ የምትወስደው ከሳቸው ምግብ ቤት ነው! «ፖሌ ሳና» አለችኝ፤ በጣም አዝናለሁ ማለቷ ነው። ልቃቂቷን ለሳቸው ሰጠች።

«ለሕፃኗ ቆብ እሠራበታለሁ» አሉ እትዬ ቦርሳቸውን እየዘጉ። «አንቺ ለመጠቅለያሽ ጫፍ ያንን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ካልሲሽን ተርትሪ።»

ከሌላ ድስት የወጣ፣ ወደ ቀይ ያደላ ክር ገዝቼ ሄድኩ። ሳምንቱን ሙሉ ማታቱ ታክሲ ውስጥ፣ ዌስትላንድስ ቢሮዬ ጠረጴዛ ሥር፣ ጥርሴን ነክሼ ሠራሁ። በያንዳንዱ መስመር እትዬን አንድ አንድ ነገር እላቸው ነበር። እዚህ አይጻፍም።

የክርስትናው ዕለት ቄሱ ሕፃኗን አቀበሉኝ። ጠቀለልኳት። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሁሉም «እሰይ» ሲል እትዬ ዘነበች ሰው ሰንጥቀው መጡ።

«ውይ፣ ጫፉ ምን ሆነ? ክር አለቀብሽ እንዴ የኔ ልጅ?» ድምፃቸው ሞምባሳ ድረስ ይሰማል።

«ዲዛይን ነው እትዬ።»

«ዛሬ ዛሬ ዲዛይን ይባላል?»

ቆባቸውን አወጡ። ቀለሙ ከመጠቅለያው ጋር ቁርጥ አንድ። ሕፃኗ ጭንቅላት ላይ አደረጉት... ተስፈንጥሮ ወጣ። ጎትተው መለሱት። እንደ ጠርሙስ ክዳን ዘሎ መሬት ወደቀ።

«የልጅቷ ጭንቅላት ነው የተለቀው» አሉ።

የሄለን ፊት ተለዋወጠ።

እኔም ዕድሉን አላሳለፍኩም። «ወገኖቼ፣» አልኩ እንደ ሰባኪ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «የተናደደ እጅ ክር ያጠብቃል። ይሄ ቆብ በፍቅር ቢሠራ ኖሮ በገባ ነበር። ይሄ ቆብ ሳይሆን ቂም ነው!»

ሰው ሳቀ። እትዬ ቀሉ። ያን ጊዜ ነው ፎቶ አንሺው የተናገረው፦ «እስቲ መጠቅለያውን ዘርጉት፣ ፊልም እንዳላቃጥል። በአንድ በኩል ጠባብ ነው እንዴ?»

ተዘረጋ። ከላይ ሰፊ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ... ቁርጥ እንደ ካሮት። መጥበብ የጀመረው ደግሞ ቀለሙ ከተለወጠበት መስመር ነው።

እትዬ ዘነበች ጎንበስ ብለው በቀለበታቸው ጣት መስመሯን ነኩ። እንደ ዳኛ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ይቺ መስመር ልቃቂቷን የወሰድኩብሽ ቅዳሜ ናት። ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ እኔን ስትሰድቢ የሠራሽው ነው። እስቲ ስበኪን፣ ይሄስ በፍቅር ነው?»

ሰባኪዋ በራሷ ስብከት ታነቀች።

ሄለን ልጇን ከእጄ ወሰደች። መጠቅለያውን ለኔ፣ ቆቡን ለእትዬ መለሰች። ከቦርሳዋ ኢስሊ ገበያ የተገዛ፣ ትልቅ ድብ የታተመበት ናይለን ብርድ ልብስ አውጥታ ልጅቷን ጠቀለለች።

«አሁን ፎቶ» አለች። «ሁለታችሁም አጠገቧ ቁሙ። ፈገግ በሉ።»

ፎቶው ትናንት ታጥቦ ደረሰኝ። ግራ እኔ፣ ቀኝ እትዬ፣ መሐል ሕፃኗ። ከልቡ የሚስቀው ድቡ ብቻ ነው።