የዑበይዱላህ አዛዥ

ወንድሜ ዑበይዱላህ በሐይቅ ከተማ አንድም ቀን ተደባድቦ አያውቅም። ልጅ እያለን ሲመቱት የማስጥለው እኔ ራዚያ ነበርኩ። ይኸው ሰው ኮምፒውተር ተማረና ለመመረቂያው ጦር የሚመራ አዛዥ ልሥራ ብሎ ተነሣ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ጦር ይገጥማል፤ መቼ እንደሚጠቃ፣ መቼ እንደሚፈገፈግ የሚወስነው የሱ አዛዥ ነው።

አዛዡ እንደ ሰው እንዲያስብ የጦር ሰው መጠየቅ ነበረበት። ጎረቤታችን ጋሽ ኑርዬ በደርግ ጊዜ ከመቶ በላይ ወታደር ያዝዙ ነበር። ሳምንት ሙሉ ደጃቸው ተመላለሰ። "ግማሹ ወታደሬ ሳያልቅ አፈግፍጌ አላውቅም" አሉት፤ ጻፈ። "ፈርተው ያውቃሉ?" የሚል ጥያቄም ነበረው። ግን ጎረቤት ተሰብስቦ እየሰማ ትልቅ ሰው ይህን ይጠየቃል? ይሉኝታ ይዞት ዘለለው።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ አምባሰል ደረሰ። መድፉ መስኮታችንን ያንቀጠቅጠው ጀመር። እናታችን መስኡዳ ዳሌዋ ተሰብሮ ተኝታለች። እኔ እንውጣ እላለሁ፤ እሱ ስለ ውጊያው ከሰው የሰማውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባል። ሁለቱን ጦር መቶ ጊዜ አዋጋቸው። አዛዡ መቶውንም ጊዜ አምባሰልን አራት ቀን ሳይለቅ ቆየ።

"አብሽሪ እታለም፣ አራት ቀን አለን፤ የሚሸሸው ሰው ግፊያ ጋብ ሲል እናወጣታለን" አለኝ። ፈርቻለሁ፤ ግን የተማረው እሱ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬም በዚያ ዝምታዬ እናደዳለሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወታደሮች በደጃችን ወደ ደሴ ማለፍ ጀመሩ። ጋሽ ኑርዬ ለራሳቸው ባገኙት ባጃጅ መጥተው በራችንን ደበደቡ።

"ምን ትጠብቃላችሁ?"

"ግማሹ ሳያልቅ አይለቅም ብለውኝ..." አለ ወንድሜ።

"ወላሂ ዋሽቼሃለሁ ልጄ! አንድ ሰው እንኳ ሳይወድቅብኝ ነው የሸሸሁት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ብዬ ልንገርህ?"

እናቴን ጭናችን ላይ ስናስተኛት ባጃጁ ሞላ። ወንድሜ ለእሳቸው ልውረድ ቢል ጋሽ ኑርዬ በቁጣ ገፍተው አስገቡት። "እኔ በእግሬ እደርሳለሁ" አሉ።

እናቴ ተርፋለች። ጋሽ ኑርዬ ግን አልደረሱም። ወንድሜ በየቀኑ ይደውላል፤ ስልካቸው ጥሪ አይቀበልም።

ትናንት ኮምፒውተሩን ከፍቶ አገኘሁት። "ፍርሃት" የሚል አዲስ መስመር ጨምሯል፤ ቁጥር ግን አልሞላበትም።

"ሙላው እንጂ" አልኩት።

"እሳቸውን ሳልጠይቅ?" አለኝ።