ስክሪኑ የሰማኝ ቀን

ልጅ እያለሁ ከክፍላችን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ጋር የምጨቃጨቅ ሰው ነበርኩ። የኔ ዘመን ተማሪዎች ታስታውሱታላችሁ፤ ግድግዳው ላይ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ መለስንም አልመለስንም «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። እኔ ታዲያ በዚያች ዝምታ መሀል አፌ ያመጣልኝን ሁሉ እለው ነበር። «ቆይ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሃል» ስለው ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። እሱ አይሰማ፣ ማን ይቆጣኛል።

አሥረኛ ክፍል ስንገባ ነቀምቴ ላለው ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች መጡለት፤ መጡና ተቆለፈባቸው። ዳይሬክተራችን ልጆቹ ይሰብሯቸዋል ብለው ቁልፉን ከኪሳቸው አያወጡም ነበር። እኛ በመስኮት እያየን እንቃጠላለን። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ቲቸር ለሊሳ ግን ደጅ ጠንቶ ጠንቶ አንድ ቀን አስፈቀደልን። ስለ ግሎባላይዜሽን በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ሊያሳየን ነው። ማስጠንቀቂያው ጥብቅ ነበር፤ ዕቃ ከተነካ ወይ ረብሻ ከተሰማ ክፍሉ ዳግመኛ አይከፈትም። ቲቸር «ዛሬ ብቻ አታሳፍሩኝ» ብሎ ሲለምነን አንጀቴን በላው።

የዚያን ዕለት ደስታዬን ምን ልበላችሁ። ዩኒፎርሜ ላይ የምወደውን ጂንስ ጃኬት ደርቤ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። ክፍሉ አዲስ ፕላስቲክ፣ አዲስ ፕላስቲክ ይሸታል። ምንም እንዳንነካ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከተን ተጠጋግተን ቆምን፤ ዳይሬክተሩም ከኋላችን ቆሙ። ፊልሙ የአንድ ጂንስ ጃኬት ጉዞ ነበር። ጥጡ አንድ አገር ይለቀማል፣ በመርከብ ባሕር ይሻገራል፣ ሌላ አገር ይሰፋል፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ፈረንጅ ከሱቅ ገዝታው ትሄዳለች። ከዚያ አዲስ አበባ ሆና የምታስተምር ወጣት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለችና «ጉዞው እዚህ አለቀ። የረሳነው ነገር ይኖር ይሆን?» ብላ በአማርኛ ጠየቀች። ዝምም አለች።

አፌ እንደ ልማዱ ተከፈተ። «የት ያልቃል፤ ፈረንጇ ስትሰለቸው ቦንዳ፣ ልባሽ ጨርቅ ሆኖ ነቀምቴ ገበያ ይመጣል፣ እናቴ እጅጌውን ታሳጥረዋለች፣ ይኸው እኔ ለብሼዋለሁ» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። ስክሪኑ ውስጥ ያለችውም ሳቀች፤ «ማናት እሷ?» አለች።

ክው አልኩ። ጓደኛዬ ጫልቱ «ያ ዋቃዮ» ብላ አምላኳን ጠርታ አፏን ያዘች። ስክሪን ሰምቶን አያውቅም፤ ይሄኛው እንደሚሰማ ደግሞ ማንም አልነገረን። የቲቸር ለሊሳን ፊት ለማየት እንኳ አልደፈርኩም። በኔ ምላስ ክፍሉ ተቆለፈ፣ የሱም ልፋት ገደል ገባ ብዬ እንባዬ መጣ። ሴትየዋ ግን «እስቲ ቅረቢ፣ ጃኬቱን አሳዪን» አለችኝ። ቀረብኩ። እናቴ የቆረጠችውን እጅጌ ሳሳያት ድምፄ ተመለሰልኝ፣ ከዚያማ ማን ያስቁመኝ። ጫልቱ ደግሞ የአባቷ ቡና ከነቀምቴ አቅራቢያ ካለችው ኡኬ ተጭኖ በተራው ባሕር እንደሚሻገር በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችው። ሁሉም እጁን ያወጣ ጀመር፤ በጫጫታ መደማመጥ አቃተን።

ይሄኔ ዳይሬክተሩ ሰዉን እየገፉ ወደፊት መጡ። አለቀልን አልኩ በልቤ። እሳቸው ካሜራው ፊት ቆሙና ሁሌም የሚለብሱትን ኮት ገለጥ አድርገው ውስጡ የተሰፋውን የፈረንጅ አገር ጽሑፍ አሳዩ። «ይሄም ቦንዳ ነው» አሉ። ከዚያ ቁልፉን ለቲቸር ሰጥተውት ወጡ። የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ወደ ቤት በእግሬ የሄድኩ አይመስለኝም።

ዛሬ እኔም ቢላ ከተማ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ የማጠናከሪያ ትምህርት አለን፤ ፊልሙም ካርታውም ልጆቹ እጅ ላይ ነው፣ ደጅ መጥናት ብሎ ነገር የለም። ይሄን ሳይ ደስታዬ ወሰን የለውም። ግን ጠይቄ ስጠብቅ ሁሉም ማይኩን ዘግቶ ጭጭ ይላል። መልሱን ይጽፉልኛል፣ ልክም ነው፤ የልጅ ድምፅ ግን የለበትም። ያ የኛ ጫጫታ ይናፍቀኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ አንዱ ማይኩ መከፈቱን አላወቀም መሰለኝ፣ «ቲቸር ደግሞ ዛሬ ወሬ አበዛች» ሲል ጥርት ብሎ ተሰማ። ወዲያው ደንግጦ ዝም አለ፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል።

«ቀጥል» አልኩት፤ «እየሰማሁህ ነው።»