ሰፊው የባትሪ ማሰሪያ

ሰፈሩ በሙሉ ሽቦ ይለዋል፤ ቅጥነቱም ሙያውም ለስሙ ተስማምተዋል። አርባ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ መላ አጥቶ አያውቅም። ጉድ ያደረገውም ይኸው ነው።

አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የሟቹን አሮጌ መኪና አስጎትታ መጣች። መኪናው ባይነሳም ግድ እንደሌላት ነገረችው። የፈለገችው ሬዲዮውን ነበር። ባሏ ደጃፍ ላይ መኪናውን አቁሞ ዜናው እስኪያልቅ አይወርድም ነበር፤ እሷም የሬዲዮውን ድምፅ ስትሰማ ምሳ ታቀርብ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ የእሱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ልትሰማው ፈለገች።

ሽቦ አዲስ ባትሪ አስገባ። ከመኪናው አካል የሚመጣውን ገመድ ዕድሜውን ሙሉ እንደለመደው ኔጌቲቩ ላይ ሊያስር ሲል ማሰሪያው ሰፋበት። የባትሪ ፖዘቲቭ ወፍራም፣ ኔጌቲቩ ቀጭን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ማሰሪያው የተሠራው ለወፍራሙ ነበር፤ አንዳንድ የድሮ መኪና አካሉ የሚታሰረው ከፖዘቲቩ ጋር ነውና። ቆም ብሎ ማየት ነበረበት። እሱ ግን ቁራጭ ቆርቆሮ ጠቅልሎ ወተፈበትና ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ሌላኛው ማሰሪያ ጠበበው፤ እሱንም በፒንሳ ፈልቅቆ አስገባው።

ሬዲዮውን ሲከፍተው አንዴ ቋ አለና ዝም አለ። ከዳሽቦርዱ ሥር ቀጭን ጭስ ወጣ።

አብሮት የሚሠራው ጎሚስታ፣ የሚስቱ ወንድም፣ ጎማውን ትቶ መጣ። ሬዲዮው ከባልየውም በላይ ዕድሜ ጠግቧል፣ አርጅቶ ነው በላት፣ ማን ከፍቶ ያያል አለው። እውነቱን ነው፤ ማንም አያይም።

ሽቦ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ ሴትየዋ ወደተቀመጠችበት አግዳሚ ሄደ።

«እትዬ፣ ሬዲዮውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አላት። «ገመዱን ገልብጬ አሰርኩት። ማሰሪያው እንቢ ብሎኝ ነበር፤ በግድ አስገባሁት።»

ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ይጠገን እንደሆነ ጠየቀችው። ውስጡ ቢቀየር ይናገራል፣ የድሮው ድምፅ ግን አይሆንም አላት።

«እንግዲያው ተወው ወንድሜ» አለችው። «ፈትተህ እንዳለ ስጠኝ። መኪናውን አስነሳው፤ ልጄ ይንዳው።»

ገመዶቹን አዙሮ አሰረ፤ ዲናሞውን ፈተሸ። ከዚያ በነጭ ቀለም ኮፈኑ ውስጥ በትልልቅ ፊደል «አካሉ ከፖዘቲቭ ጋር ነው» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ደግሞ «እኔ ሳላይ አቃጥያለሁ» ብሎ ስሙን አከለበት።

ጎሚስታው በገዛ እጅህ ስምህን ለምን ታጠፋለህ አለው። ሽቦ ቀለሙ እስኪደርቅ ኮፈኑን ደግፎ ቆመ።