የገና ዕለት የደፋሁት ፍም

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። የእማማ አስካለን ቤት ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

በደርግ ዘመን መሐል ሜዳ አስተማሪ ነበርኩ። ገና ሲቃረብ የመንዝ ብርድ ስለሚጠና እሳት ከቤት አይጠፋም፤ የብዙው ቤት ክዳን ደግሞ የጓሳ ሣር ነው። ቀበሌው በዓሉ ሳይደርስ ሕዝቡን ስለ ቃጠሎ እንዳስተምር አዘዘኝ። ጧፍ አብርታችሁ አትውጡ፣ ፍም ያለበት ዐመድ ደጅ አትድፉ አልኩ። ጥሩ ተናጋሪ ነበርኩ፤ ሰው ሰማኝ።

እኔ ግን ራሴን አልሰማሁም። የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ የገናውን ጨዋታ ለማየት ወደ ሜዳ ሲወርድ፣ የኩበቱን ዐመድ ከምድጃዬ ዛቅሁና አጥሬ ሥር ደፋሁት። ውስጡ ፍሙ ሲቀላ አይቻለሁ። ውኃው ያለበት እንስራ አምስት እርምጃ አይርቅም ነበር። አልሄድኩም። ነፋሱ ወደ ማን ቤት እንደሚነፍስ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር።

እማማ አስካለ ጎረቤቴ ነበሩ፤ ባላቸው ሞተው የበግ ጠጉር እየፈተሉ የሚኖሩ ሴት። ከሜዳው ጭሱን አይተን ስንደርስ ጣሪያቸው ወርዷል፤ ጥጃቸው ውስጥ ቀርታለች። ከዐመዴ እስከ ቤታቸው ደረቁ ሣር ነዶ ጥቁር መስመር ሠርቷል። ሌላው ውኃ ሊያመጣ ሲሮጥ እኔ መስመሩን አፈር አለበስኩት። በገዛ እግሬ።

በማግስቱ ቀበሌው ሰበሰበን።

«ጧፌንማ አጥፍቼ ነው የወጣሁት» አሉ እማማ።

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ መምህር፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

«በዓል ሲሆን ሰው ይረሳል። ጧፍ ነው» አልኩ።

እማማ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ካልክማ፣ ልጄ፣ ረስቼው ይሆናል» አሉ።

ቤታቸውን ማቃጠሌ ሳያንስ እውነታቸውንም ወሰድኩባቸው። ላልሠሩት ጥፋት ለንስሐ አባታቸው ተናዘዙ፤ ቀኖና ተቀብለው በእርጅና ጉልበታቸው ሰገዱ። ጎረቤት ተባብሮ ቤቱን መልሶ ሲሠራ እኔም ድንጋይ ተሸከምኩ፤ ሰው አመሰገነኝ፤ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ወደ ዓለም ከተማ ትምህርት ቤት ስዛወር እውነቱን ለእማማ ልነግራቸው ቆርጬ ቤታቸው ሄድኩ። አመሻሽ ላይ ነው፤ ያለ መብራት ተቀምጠዋል።

«ጧፍ ከእንግዲህ ቤቴ አይገባም» አሉኝ። ከዚያ ራሴን ዳብሰው መረቁኝ፤ «ከእሳት ይጠብቅህ፣ ልጄ።»

«አሜን» ብዬ ወጣሁ።

ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ማንም አላስፈራራኝም። አላወቅሁም እንዳልል፣ አስተማሪው እኔ ነበርኩ። እማማ አስካለ ጥፋተኛ ነኝ እንዳሉ አረፉ። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም።