ወደ ላሊበላ በኤሌክትሪክ መኪና፣ ከማላውቀው ሰው ጋር እየተከራከርኩ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ወልድያ

ከመናኸሪያው ስነሣ ብቻዬን ነኝ። ሁለት ሆነን ልንሄድ ነበር። ላሊበላ ያለችው ልጄ እናኑ ወንድ ወልዳ ነገ አርባ ቀኑ ይሞላል፤ ክርስትና ይነሣል። የክርስትና አባቱን መርጬ የማመጣው እኔ ነኝ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። የመረጥኩት ወዳጄ አያ ደርበው ግን ወገቡን ይዞት አደረና ደጃፉ ላይ በዱላ ተደግፎ፣ «አንተ ሂድ፤ ሰው አይጠፋም» አለኝ።

ለልጄ አልደወልኩም። ልጆቼ ቃላቸውን ሲያጥፉ ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የራሴን መናገር አቃተኝ።

ስድስት ሰዓት፣ ጋሸና

የዲልብን ዳገት ወጥተን፣ ሦስት ጊዜ ወርደን ተፈትሸን ጋሸና ደረስን። ሚኒባሱ እዚያው ቀረ። ሾፌሩ ናፍጣ የለም አለ፤ ማደያው ፊት ያለው ሰልፍ ጫፉ አይታይም። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እየበላሁ ሳለ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ድምፅ ሳታሰማ አጠገቤ ቆመች።

«ጋሼ፣ ላሊበላ ከሆነ ይግቡ» አለኝ ሾፌሩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ይማም ይባላል። መኪናዋን ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ እንግዳ ሊያመላልስባት እየወሰዳት ነው። ስሙን ስሰማ ሙስሊም ነው ብዬ ያዝኩ፤ አልጠየቅሁም።

እኔ መካኒክ ነኝ። ፊደሉንም ሞተሩንም የተማርኩት በራሴ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና አልወድም፤ በሩን እንደዘጋሁ ይህንኑ ነገርኩት።

«ምን አደረገችዎት?»

«ሞተር ሲታመም ይነግርሃል። ይቺ ዝም ብላ ነው የምትሞት።»

«ማደያ ላይ ግን አታሳድርም።»

«መብራት ለሌለው አገር በመብራት ሂዱ የሚል መንግሥት የት ታውቃለህ?»

«እኔ ደግ ሠራ እላለሁ። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ባይከለክል ማን ወደ ኤሌክትሪክ ይዞር ነበር?»

«መጀመሪያ መንገዱን ሰላም ያድርግ።»

«እውነት ነው። እስከዚያ ግን ቁጭ ብለን እንጠብቅ?»

ሰባት ሰዓት፣ ቁልቁለቱ ላይ

ከመንገዱ ዳር ተቃጥሎ የቀረ የጭነት መኪና አለ። ሁለታችንም አየነው። ማን አቃጠለው ብለን ብንጀምር ላሊበላ አብረን የምንደርስ አይመስለኝም።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ከመቶ ሠላሳ አንድ የነበረው የባትሪ ቁጥር ሠላሳ አራት ሆነ።

«ተበላሽቶብሃል» አልኩት።

«አልተበላሸም ጋሼ። ቁልቁለት ላይ ፍጥነቷን ስይዝ ጉልበቱ ተመልሶ ባትሪዋን ይሞላል።»

በቁልቁለት የነደደ የፍሬን ሸራ ስቀይር ነው ያረጀሁት። ያ ሁሉ ሙቀት ዕድሜዬን ሙሉ በከንቱ ሲባክን ኖሯል። ደነቀኝ፤ መደነቄ ደግሞ አናደደኝ። «እንዳንተ ያለ አጨብጫቢ ነው አገሩን እዚህ ያደረሰው» አልኩት።

መኪናዋ ቆመች። ቤትም ሰውም የማይታይበት ቦታ ነው። ቦርሳዬን አንሥቼ የበሩን እጀታ ያዝኩ።

«የት ነው ጋሼ?»

«ውረድ ማለትህ አይደለም?»

በአገጩ ወደ ፊት አሳየኝ። ሁለት በሬዎች ቀንበር እንደተሸከሙ መንገዱን እያቋረጡ ነው። «ድምፅ ስለሌላት ከብት አይሸሻትም፤ ቆሜ ነው የማሳልፈው» አለ። ቆይቶም፣ «ለአንድ ክፉ ቃል ሽማግሌ ሜዳ ላይ ካወረድኩ፣ እርስዎ እንዳሉኝ ነኝ ማለት ነው።»

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ልጆቼን ይቅርታ ጠይቁ እያልኩ ያሳደግሁ ሰው፣ የበሬዎቹን ጭራ ማየት ያዝኩ።

ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ነአኩቶ ለአብ አጠገብ

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ ያለው ዳገት የሞላውንም የነበረውንም በላው። ወደ ገዳሙ የሚወስደው መገንጠያ ላይ ይማም መኪናዋን አቆመ፤ ኮፍያውን አውልቆ አማተበ።

«ይማም አልከኝ እኮ» አልኩት።

ሳቀ። «አባቴ በጓደኛው ስም ነው የጠራኝ። የክርስትና ስሜ ወልደ ሰንበት ነው። የወሎ ሰው ሆነው ይሄ ጠፋዎት?»

አልጠፋኝም። ፋጡማ የምትባል ክርስቲያን አክስት አለችኝ። ሰውን በስሙ አትመድቡ እያልኩ ቤቴ ውስጥ የምቆጣውም እኔው ነኝ። ያን ጊዜ ነው አፌ የተፈታው፤ ይቅርታውንም፣ የአያ ደርበውን መቅረትም፣ የልጅ ልጄን ክርስትና አንሣልኝ የሚል ልመናዬንም አንድ ላይ አወጣሁት።

«በፖለቲካ አንስማማም እኮ» አለኝ።

«ልጁም ገና አቋም አልያዘም።»

«አጨብጫቢ ነህ ብለውኝ?»

«እሱን ነው ተውልኝ የምልህ።»

«ስድቡን ወይስ ፖለቲካውን?»

«ስድቡን። ፖለቲካው ላይ እንዳልኩት ነኝ።»

የባትሪውን ቁጥር አየ፤ ስምንት ይላል። «ልጅዎ ቤት የሚሰካበት አለ?»

«አለ፤ መብራት ካልጠፋ።»

«እንግዲህ እስኪሞላ የትም አልሄድም» ብሎ መኪናዋን አስነሣ።

ማግስቱ ጠዋት፣ ላሊበላ

እናኑ ትናንት በር ላይ ስትቀበለን መጀመሪያ የጠየቀችው አያ ደርበውን ነበር። ታሟል፣ ሌላ ሰው አምጥቻለሁ አልኳት።

«ከየት?»

«ከመንገድ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው አባዬ?»

«ሰድቤው ከመኪናው ያላወረደኝ ሰው ነው።»

እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው። «ይበቃል» አለች።

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ሕፃኑ ተጠመቀ። ውኃው ሲነካው ጮኸ፤ ይማም ተቀብሎ በነጠላው ሲያቅፈው ዝም አለ። ማዕተቡ አንገቱ ላይ ሲታሰር ከትናንት ንጋት ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲወርድ ታወቀኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናዋ ግማሽ እንኳ አልሞላችም፤ መብራት ሄዶ ነበር። ከይማም ቀድሜ ነው ያየሁት። ምንም እንዳልል ጥርሴን ነከስኩ።

«ይናገሩት እንጂ አበልጄ» አለኝ፣ ወንበር እየሳበልኝ። «ዛሬ የሚያስቸኩለን የለም።»